የኡላሃናን ቀኝ እግር

ሶሳማ ልጇን ቀብራ፣ አርባው ሳይወጣ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት ማንም ሳይጠራት ሥራ ገባች። ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ጸጉሯን እንደ ወትሮው ወደ ኋላ ጠቅልላ አስራ፣ ማደባለቂያ ማሽኑ አጠገብ ቆማ አገኘናት። የማሽኑ ሠራተኛ ባስካራን የተሸከመውን ከረጢት ቀስ ብሎ መሬት ላይ አኖረና ዓይን ዓይኗን አያት።

«ቼቺ፣ ምናለ ትንሽ ቀን ብታርፊ?» አላት። ቼቺ ታላቅ እህት ማለት ነው፤ ባስካራን ግን የሚያንሱትንም ሴቶች ሁሉ ቼቺ ነው የሚላቸው።

«የት ሄጄ?» አለችው።

ለመከራከር አልነበረም። በእርግጥ የምታርፍበትን ቦታ እንዲነግራት የምትጠብቅ ነበር የምትመስለው። ባስካራን ከረጢቱን መልሶ ተሸከመ።

እኔ ትሬስያ ነኝ። በደቡብ ሕንድ፣ ኮታያም ከተማ ዳር ባለች አንዲት አነስተኛ የጎማ ላቦራቶሪ ከሶሳማ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ለዓመታት ሠርቻለሁ። የምተርከው አብዛኛውን በዓይኔ ያየሁትን ነው፤ የቀረውን ራሷ ነግራኛለች። ሥራችን ከዛፍ የሚገኘውን ጎማ ፌስታልና ጀሪካን ከሚሠራበት ፕላስቲክ፣ ከፖሊኢትሊን ጋር ማዋሐድ ነው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጎማ ይለጠጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል፤ ነገር ግን ቅርጽ የሚይዘው በድኝ ከበሰለ ብቻ ነው፣ አንዴ ከበሰለ ደግሞ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ነው፣ ወደ ኋላ አይመለስም። ፕላስቲኩ በሙቀት ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ደግመው ቢያቀልጡትም እሺ ይላል፤ እያጠፉ ቢዘረጉት ግን አንድ ቀን ቀጭ ይላል። የምንደክመው የሁለቱን ደግ ደጉን የያዘ አንድ ነገር ለማግኘት ነው። እነሱ ደግሞ በራሳቸው አይስማሙም። የፈለግከውን ያህል በሙቀት ብታሻቸው፣ በአጉሊ መነጽር ስታያቸው እንደ ዘይትና ውሃ ተለያይተው ታገኛቸዋለህ። ስለዚህ አንድ ወገኑ ለጎማው፣ ሌላ ወገኑ ለፕላስቲኩ የሚስማማ ሦስተኛ ነገር በመካከላቸው እናስገባለን። ባስካራን «ደላላው» ይለዋል። «ደላላው ገብቷል ወይስ አልገባም?» ሳይል ማሽኑን አያስነሳም።

ሶሳማና ባሏ ኡላሃናን ይኖሩ የነበሩት ከከተማው ራቅ ብላ፣ ተራራ ሥር ባለች ካላምፓራ በምትባል መንደር ነበር። ኡላሃናን የጎማ ዛፍ በጪ ነው። ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ፣ በባዶ እግሩ ዳገቱን እየወጣ የዛፎቹን ቅርፊት በሰያፍ ይበጣል፣ ወተቱን በየኩባያው ያጠራቅማል፣ ያረጋዋል፣ ይዳምጠዋል፣ ከዚያ እንደ ሌጦ ዘርግቶ ጢስ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ይሰቅለዋል። ሰዎች «ዶክተር አግብተህ አንተ ዛፍ ላይ!» ብለው ሲቀልዱበት፣ «እኔ ካላለብኩላት እሷ ምኑን ትቀላቅለዋለች?» ይል ነበር። ተጫዋች ሰው ነበር። ልጃቸው ቲጆ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

በጥቅምት አንድ ቀን ዝናቡ ሲጥል አድሮ ጠዋትም አላባራ አለ። ሶሳማ ከእኔ ጋር ላቦራቶሪ ነበረች። ረፋዱ ላይ ተራራው ከወገቡ ተቆርሶ ወረደ። ኡላሃናንን ከወደቀ ምሰሶ ሥር ጎትተው ሲያወጡት ቀኝ እግሩ እግር አልነበረም፤ ሐኪም ቤት ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ቲጆን በማግስቱ ወንዙ ዳር አገኙት። «አባትየው እስከ መጨረሻው እጁን ይዞት ነበር» ተባለ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ቄሱም በቀብሩ ላይ ደገሙት። ሊጠይቁት የሄዱ ሰዎች ለኡላሃናን ራሱ ሲነግሩት፣ አልጋው ላይ ሆኖ ሰማና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሶሳማ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። የኡላሃናን እናት ኤሊያማ፣ ሁላችንም አማቺ፣ ማለትም እናቴ፣ የምንላት፣ ከሰው ሁሉ ፊት እጇን ይዛ ነቀነቀቻት።

«ምን ዓይነት አንጀት ነው ያለሽ አንቺ ልጅ? የፕላስቲክ ነው?»

ሶሳማ የአማቷን እጅ ከእጇ ላይ አላስለቀቀችም። ሴቶቹ በኋላ በየቤታቸው «ትምህርት ሲበዛ እንባ ያደርቃል» ሲባባሉ ሰነበቱ። እኔ ግን አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሁለታችን ብቻችንን ሳለን፣ ጠየቅኳት።

«ጥርስ ተነቅለሽ ታውቂያለሽ?» አለችኝ። «ማደንዘዣውን ወግተውሽ፣ ሐኪሙ ሲታገል፣ ጥርሱ ሲሰበር ድምፁን ትሰሚያለሽ። እየሆነ ያለው ባንቺ ላይ እንደሆነ ታውቂያለሽ። እንደዚያ ነው። ድምፁን እሰማለሁ።»

ከዚያ ሳህኗን አጥባ ወደ ማሽኑ ሄደች።

ኡላሃናን ከሐኪም ቤት ከወጣ በኋላ ከተማ ውስጥ፣ ከዳቦ ቤት ጀርባ፣ አንድ ክፍል ተከራይተው ገቡ። አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ሰው ሠራሽ እግር ሰጠው። ከጉልበቱ ሥር የሚታሰረው ክፍል ደህና ነበር፤ ጫፉ ላይ በቡሎን የምትታሰረው የእግር ቅርጽ ግን በውስጧ እንጨት፣ በላይዋ ለስላሳ ስፖንጅ ጎማ ነበረች። ጫማ አድርጎ አስፋልት ላይ ለሚሄድ የቢሮ ሰው ትበቃ ይሆናል። ኡላሃናን ዕድሜውን ሙሉ ጫማ ያደረገው ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ብቻ ነው፣ እዚያም በራፉ ላይ ያወልቀዋል። እግሪቱ ውሃ ጠጣች፣ አበጠች፣ ወር ሳይሞላት ጣቷ የሚታጠፍበት ላይ ተሰነጠቀች። አንድ ማታ ፈታትቶ ጋዜጣ ላይ አስቀመጣትና «ይህችም ሞተች» አለ።

ሶሳማ በማግስቱ በጋዜጣው እንደተጠቀለለች ይዛት መጣችና ጠረጴዛችን ላይ በመጋዝ ለሁለት ከፈለቻት። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ኮሺ በዚያ ሲያልፉ ቆሙ።

«ይህ ምንድነው?»

«የባሌ እግር ነው።»

ዶክተር ኮሺ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«ከእኛ ቅልቅል ብሠራው የተሻለ ይሆናል» አለች ሶሳማ። «ውሃ አይጠጣም። ፕላስቲኩ ቅርጹን ይይዝለታል፣ ጎማው ያነጥርለታል። የተመደብኩበትን የመስኖ ቱቦ ሥራ አላቋርጥም።»

«ቱቦው እንኳ አይቀየምም» አሉ ዶክተር ኮሺ። «ሥሪ። ፎርማውን ግን ከየት ታመጪያለሽ?»

ፎርማውን ያመጣችው እንዲህ ነው። ኡላሃናን ግራ እግሩን ወረቀት ላይ አስቀምጦ፣ እሷ ተንበርክካ ዙሪያውን በእርሳስ አሰመረች፤ ቁመቱን፣ ውፍረቱን፣ ተረከዙን በክር ለካች። ወረቀቱን ለአንድ አናጺ ሰጠች። አናጺው ኡላሃናንን አስጠርቶ፣ ግራውን እያየ ቀኙን ከእንጨት ጠረበ። የበጪ እግር ነው፣ አውራ ጣቱ ከሌሎቹ ፈንጠር ያለ፣ ዳገት የሚቆነጥጥ። ያ እንጨት ብረት አቅላጮች ዘንድ ሄዶ ሁለት ክፍል ያለው የብረት ፎርማ ሆነ። ቤት ውስጥ በዚያን ጊዜ «ጨው አቀብለኝ፣ በሩን ዝጊው» ከሚለው በቀር ንግግር አልነበረም። አይጣሉም። ስለ ልጁ እሷ አልጠየቀችም፣ እሱ አልነገራትም።

የመጀመሪያውን እግር ፕላስቲክ አብዝታ ሠራችው። ፕላስቲኩ በማደባለቂያው ውስጥ ቀለጠ፣ ጎማው ተቆራርጦ ገባ፣ ደላላው ተከተለ። ትኩሱን ሊጥ ባስካራን በወፍራም ጓንት አውጥቶ ዳመጠው፣ ፎርማው ውስጥ ጠቅጥቆ በሙቅ ፕሬስ ተጫነው። የወጣው እግር ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ ነበር።

«ወይ ጉድ! ቼቺ፣ የፊልም ተዋናይ እግር እኮ ነው» አለ ባስካራን።

ኡላሃናን አስሮ ሄደበት። የዳቦ ቤቱ ሲሚንቶ ላይ ቋ ቋ ይላል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ ያያል። ሳምንት እንዳለፈ ጣቱ የሚታጠፍበት ላይ ነጭ መስመር ወጣ፣ በማግስቱ ተሰበረ።

«ክፉ አልነበረም» አለ ኡላሃናን። «ግን እንደ ሳህን ነው የሚጮኸው። እንደ ሳህንም ተሰበረ።»

የተሰበረውን አልጣሉትም። የእኛ ቅልቅል ደግነቱ ይህ ነው፤ ባስካራን ከትፎ ወደ ማደባለቂያው መለሰው። ሶሳማ አሁን ጎማውን አበዛች፤ ሳይበስል፣ ጥሬውን። ሁለተኛው እግር አልጮኸም። ረጋ ያለ፣ ቡናማ፣ ለእጅ የሚመች ነበር። ነገር ግን ሙቀትና ክብደት ሲያገኘው መላላት ጀመረ፤ በቀን በቀን ወደ አንድ ጎን ይዘማል። ኡላሃናን አንድ ከሰዓት በኋላ ዳቦ ይዞ ከደረጃ ሲወርድ እግሩ ከሥሩ ታጠፈና ተንከባለለ። ክርኑ ተላጠ፣ ዳቦው ቦይ ውስጥ ገባ። ሶሳማ ከሥራ ስትመለስ ደረጃው ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«በቃኝ!» አለ። «ሰምተሻል? ይብቃኝ! እኔ የመስኖ ቱቦሽ አይደለሁም፣ አንዴ ጠጣር አንዴ ለስላሳ የምታደርጊኝ። ሰፈርተኛው እየሳቀብኝ ነው። ምርኩዜን ይዤ ልቀመጥ።»

ሶሳማ ከፊቱ ቁጢጥ አለች።

«ስትወድቅ» አለች፣ «ጣቱ ወደ ላይ ነው የታጠፈው ወይስ ወደ ጎን?»

ኡላሃናን አፍጥጦ አያት።

«ሰው ነሽ አንቺ?»

«አላውቅም» አለች። «ወደ ጎን ነው?»

የተላጠ ክርኑን እንደያዘ፣ «ወደ ጎን» አላት።

ሦስተኛውን ስትሠራ ጎማውን ከፕላስቲኩ አስበለጠችው፤ ደላላውን ጨመረች፣ ድኙን ደግሞ ማሽኑ እየዞረ ሳለ ጥቂት በጥቂት አስገባች። በዚያ መንገድ ጎማው ገና እየተሻሸ ይበስላል፣ በፕላስቲኩ ውስጥ እንደ ሰሊጥ ደቃቅ ፍሬ ሆኖ ይበተናል። ፕላስቲኩ እንደ ልማዱ ይቀልጣል፣ ፍሬዎቹ ግን ቅርጻቸውን አይለቁም፤ ተጭነው ይመለሳሉ። እግሩን ከማተሟ በፊት ከሊጡ ስስ ቁራጮች አወጣች። መጎተቻው ማሽን ላይ ልንፈትናቸው ስንዘጋጅ በሩ ተከፈተ፣ ኡላሃናን በሁለት ክራንች ተደግፎ ገባ። በአውቶቡስ ብቻውን ነው የመጣው።

ባስካራን ተሯሩጦ በርጩማውን አቀረበለት። «ግባ ወንድሜ፣ ግባ! ጫማ ቤት መቼም ደንበኛው ራሱ ሲገኝ ነው ደስ የሚለው። የምናስከፍልህ አንዱን ጫማ ነው እንጂ ሁለቱን አይደለም።»

ኡላሃናን ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ ብቻ ተንቀሳቀሰ። «ምን እንደምታደርጉኝ ልይ ብዬ ነው» አለ።

ሶሳማ ቁራጩን ከላይና ከታች በብረት ጥርስ አስነከሰችና ማሽኑን ለቀቀችው። ቁራጩ ቀስ እያለ ተሳበ፣ ቀጠነ፣ ረዘመ። ኡላሃናን ወደ ፊት አጎንብሶ ያይ ነበር።

«መሐሉ ለምን ይነጣል?» ሲል ጠየቀ።

«ውስጡ ጥቃቅን ክፍተት እየተፈጠረ ነው» አለች ሶሳማ፣ ዓይኗን ከቁራጩ ሳታነሳ። «ሊበጠስ ሲል ነው።»

ማሽኑ ይስባል። ያን ጊዜ ኡላሃናን ተናገረ፤ ድምፁን አላነሳም፣ እኔና ባስካራን መኖራችንንም የረሳ ይመስላል።

«ልጁን እኔ ነኝ የላክሁት።»

ቁራጩ ይበልጥ ቀጠነ።

«ጢስ ቤቱ ያፈስ ነበር። የተሰቀለው ጎማ እንዳይበላሽ፣ ሂድና አውርደህ አምጣ አልኩት። ዝናብ ነው አለኝ። ጨው ነህ እንዴ፣ አትሟሟም፣ አልኩት። እየሳቀ ወጣ። እጁን አልያዝኩትም፣ ሶሳማ። እኔ ቤት ውስጥ ነበርኩ። ሰው ሁሉ እጁን ይዞት ነበር ሲል ዝም አልኩ።»

ቁራጩ ጧ ብሎ ተበጠሰ። ባስካራን ዘለለ። ሶሳማ ማሽኑን አጠፋችና የተበጠሱትን ሁለት ጫፎች ከብረት ጥርሶቹ አውጥታ አየቻቸው።

«ጥሩ ነው» አለች።

ስለ ቁራጩ ነበር። እኔ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ከዚያ በፊት ከሠራነው ሁሉ የበለጠ ተስቦ ነው የተበጠሰው። ኡላሃናን ግን ይህን ከየት ያውቃል? ፊቱ አመድ መሰለ። ክራንቾቹን ሰብስቦ ተነሳ፣ በሩን በትከሻው ገፍቶ ወጣ።

«ሶሳማ፣ ተከተይው እንጂ!» አልኳት።

«ሌሎቹ ቁራጮች ቀርተዋል» አለች። «በአንድ ብቻ አይታመንም።» ሁለተኛውን አስነከሰች። ባስካራን ጀርባውን ሰጥቶን ወደ መጋዘን ገባ፤ ሲናፈጥ ይሰማኛል።

ኡላሃናን በዚያው ሳምንት ወደ ወንድሙ ወደ ፓይሊ ሄደ። ፓይሊ ሩቅ፣ ኢዱኪ ተራሮች ላይ ነው የሚኖረው፣ የኮረሪማ መሬት አለው፤ አማቺም የምትኖረው ከሱ ጋር ነው። ኡላሃናን ሲሄድ ሶሳማን አልተሰናበታትም። እሷም አልደወለችም። ጠዋት ትመጣለች፣ ትሠራለች፣ ማታ ትሄዳለች። እግሩን አተመችው። ውሃ ውስጥ ዘፈዘፈችው፣ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አስመታችው፣ ባስካራን በሠራላት ማጠፊያ ላይ አሰረችው፤ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ሳምንታት ከረመ። ሻይ ስንጠጣ ከጎናችን ያ ብቻውን የቀረ እግር የማይታይ ደረጃ ይወጣል። መጀመሪያ ያስደነግጥ ነበር፤ ኋላ ለመድነው። ባስካራን ሲገባ «እንደምን አደርክ ኡላ» ይለው ጀመር። አልተሰነጠቀም። አልዘመመም።

አንድ ዓርብ፣ «ነገ ኢዱኪ አብረሽኝ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ሄድኩ።

አውቶቡሱ ውስጥ እግሩን በጨርቃ ጨርቅ ቤት ፌስታል አድርጋ ጭኗ ላይ ይዛዋለች። ትኬት ቆራጩ ሰው እየገፋ ደረሰ።

«ቼቺ፣ ዕቃውን ወደ ላይ ስቀይው፣ ሰው ይለፍበት። ምንድነው እሱ?»

«እግር።»

«የበሬ ነው የበግ?»

«የሰው።»

ሰውዬው በሳቅ ፈረሰ። «ቀልደኛ ነሽ!» ብሎ ዞር ሲል ከፌስታሉ አፍ ብቅ ያሉትን ጣቶች አየ። ከዚያ ወዲያ እስክንወርድ ድረስ በእኛ በኩል አላለፈም። እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሶሳማ በመስኮት ትመለከት ነበር። ገደሉን፣ ፏፏቴውን፣ ተንዶ የተጠረገ መንገድ ስናልፍ ደግሞ ቀዩን አፈር፤ ሁሉንም በአንድ ዓይነት ዓይን።

ፓይሊ ቤት ስንደርስ ኡላሃናን በረንዳው ላይ ተቀምጦ ካሳቫ ይልጥ ነበር። ሲያየን ቢላዋውን አስቀመጠ። አማቺ ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«መጣሽ?» አለቻት። «ባልሽ ከሄደ ሁለት ወሩ። እኔማ መንገዱ የጠፋሽ መስሎኝ ነበር።»

«እግሩ ሳያልቅ ምን ይዤ ልምጣ አማቺ?» አለች ሶሳማ።

አማቺ ተመልሳ ገባች።

ሶሳማ ኡላሃናን ፊት ተንበረከከች። ከቦርሳዋ መፍቻ አወጣች፣ ሱሪውን ወደ ላይ ሰበሰበች፣ ከጉልበቱ ሥር ከታሰረው ክፍል ጫፍ አሮጌውን ቡሎን ፈትታ አዲሱን እግር አሰረች። ጠበቅ፣ ላላ፣ እንደገና ጠበቅ። እሱ አናቷን እያየ ተቀምጧል።

«ተነስና ሂድ» አለችው።

ተነሳ። በረንዳውን ወርዶ ግቢው ላይ ሄደ። ዝናብ የመታው ሣር ነበር፣ ቁልቁለት ነበር፣ ከኮረሪማው መሐል ወደ ምንጩ የሚወርድ የድንጋይ መሄጃ ነበር። ምርኩዙን አጥሩ ላይ አስደግፎ ወረደ። ሶሳማ የምታየው እግሩን ብቻ ነው፤ ጣቱ ድንጋዩን እንዴት እንደሚይዝ፣ እንዴት እንደሚለቅ። ከዓይናችን ተሰወረ። ቆይቶ በሌላው በኩል ዳገቱን ወጥቶ መጣ፤ ላብ በላብ ሆኗል።

«አይጮኽም» አለ።

«ይዘማል?»

«አይዘምም።»

«ጣቱ?»

«ይታጠፋል። ይመለሳል።»

በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሶሳማ መፍቻውን ጠርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ ከዚያ ቆማ እያለች ተናገረች።

«የጢስ ቤቱን ነገር አስቤዋለሁ። እኔም ቤት ብሆን ኖሮ እልከው ነበር። ጣሪያው እንደሚያፈስ አውቃለሁ። ጎማው እንዲበላሽ አልፈልግም። ቲጆ ሂድ አምጣ እለው ነበር። ዝናብ ነው ቢለኝም እልከው ነበር። ደጋግሜ አስቤዋለሁ፣ ሁልጊዜ እልከዋለሁ።»

ያለችው ይህን ብቻ ነው፤ የአንድ ፈተና ውጤት ለዶክተር ኮሺ በምትነግርበት ድምፅ። ምሬያለሁ አላለችም። ኡላሃናን ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ፣ ጀርባው ይንቀጠቀጥ ጀመር። አማቺ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ጭልፋ ይዛለች። እሷ እስከዚያች ሰዓት እጁን ይዞት ነበር የሚለውን ነው የምታውቀው። ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ጭልፋውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከልጇ ወደ ምራቷ፣ ከምራቷ ወደ ልጇ ስታይ ቆየች።

«ጎማ» አለች በመጨረሻ። «ለጎማ።» ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «ዓሣው እያረረ ነው፣ ግቡ» አለች። ለሶሳማ ከሁሉም በፊት አቀረበችላት። ሶሳማ በላች። አማቺ ስትጨምርላት እምቢ አላለችም።

ኡላሃናን ያን ቀን ከእኛ ጋር አልተመለሰም። «ዝናቡ ሲያበቃ እመጣለሁ» አለ፣ ሲያበቃም መጣ። አሁን ለተፈናቃዮች ከተሠሩት ቤቶች በአንዱ ይኖራሉ፤ የሌላ ሰው ዛፍ ይበጣል፣ በባዶ እግሩ፣ አንዱ የራሱ አንዱ የእኛ። እግሩ በዓመት በዓመት ያልቃል። ያለቀውን ያመጣልናል፣ ባስካራን ይከትፈዋል፣ አቅልጠን ትንሽ አዲስ ጨምረን መልሰን እናትመዋለን። በዚያው ናዳ ግራ እግሯን ያጣች ኩንጄሊ የምትባል ሻይ ሻጭ መጥታ «የእኔንም» አለች፣ ለእሷም ፎርማ ተቀረጸ። ዶክተር ኮሺ የመስኖ ቱቦው መቼ እንደሚደርስ መጠየቅ ትተዋል።

ሶሳማ እንደዚያ እንደሆነች ናት። ሲያለቅሱ አታለቅስም፤ ስታለቅስ አላየኋትም። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ምሳ ጠርተውኝ ሄድኩ። ኡላሃናን እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ስለ ዝናቡ ያወራኝ ነበር፤ በመሐል ፊቱን አኮሳተረ።

«ምነው?» አልኩት።

«ያሳክከኛል። ውስጥ እግሬን። የሌለው ነው የሚያሳክከኝ፣ ምን ይሻለዋል በይ?»

ሶሳማ ባቄላ ትፈለፍል ነበር። ስለ ኩንጄሊ አዲሱ ፎርማ እየነገረችኝ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ወደሱም ሳታይ፣ እጇን ዘርግታ የጎማውን ውስጥ እግር በጥፍሯ ታክክለት ጀመር።

«ትንሽ ወደ ተረከዙ» አላት።

ወደ ተረከዙ አከከችለት።